ስኳሩ ጫፍ ላይ የደረሰን ሰው «ስፖርት ሥራ» ብሎ መሸኘት አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዚህ ደብዳቤ ላነሣው የፈለግሁት የስኳር በሽታን ራሱን ሳይሆን ከበሽታው በፊት ያለውን፣ ብዙ ጊዜ ማንም ትኩረት የማይሰጠውን ወቅት ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በሐይቅ፣ ለሌላ ሕመም ወይም ለጠቅላላ ምርመራ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ «ስኳርህ ጫፍ ላይ ነው፤ ስፖርት ሥራ፣ ጣፋጭ ቀንስ» ተብሎ የተመለሰ ሰው በየሰፈሩ አለ። መድኃኒት አልታዘዘለትም፣ ቀጠሮ አልተሰጠውም፣ የሚያመውም ነገር የለም። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ነኝ። በመምህርነት ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይኸው ተነግሮኝ፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከጎረቤቶቼና ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በየአጋጣሚው ስናወራው ቆይተናል። የተሰጠን ምክር ትክክል ነው። ትክክል ያልሆነው ሰው ምክሩን የማይፈጽመው ስለሚሰንፍ ነው የሚለው እምነት ነው። እንቅፋቶቹ በዓይን የሚታዩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሊነሡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ግለሰቡ ብቻውን የሚያነሣቸው አይደሉም፤ ጤና ተቋሙ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቅሬው (በሌላው አገር እድር የሚባለው) እና ቤተሰቡ እጃቸውን ማስገባት አለባቸው።

በቅድሚያ ቁጥሩን ልጥቀስ፤ ብዙ ሰው ጫፉ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳይነገረው ይመለሳልና። ሌሊቱን ያለ ምግብ አድሮ ጠዋት በሚደረግ ምርመራ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም ስኳር የተገኘበት፣ ወይም የሦስት ወሩን አማካይ በሚያሳየው ምርመራ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ የሆነ ሰው፣ በአሜሪካ የስኳር ሕክምና ማኅበር መስፈርት ቅድመ ስኳር ላይ ነው ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በባዶ ሆዱ ምርመራ መነሻውን 110 ያደርገዋል። 126 ወይም 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ስኳር በሽታ ሆኗል ማለት ነው። ቅድመ ስኳር ላይ ካሉ ሰዎች መካከል በየዓመቱ ከመቶው ከአምስት እስከ ዐሥር የሚሆኑት ወደ በሽታው እንደሚሻገሩ ይገመታል። ይህ ግምት የሚያስፈራውን ያህል ተስፋም አለው፤ ገና ያልተሻገረው ብዙ ነውና።

እንቅስቃሴ በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ሰው እንደሚረዳ የሚያሳየው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው በዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ጥናት 577 ሰዎችን በሚታከሙባቸው ጣቢያዎች በአራት መድቦ ለስድስት ዓመት ተከታትሏል። እንቅስቃሴ ብቻ እንዲያደርጉ የተመከሩት፣ ልዩ ምክር ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ46 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ዳቺንግ ክረምቷ ደምን የሚያረጋ ከተማ ናት፤ «የደሴ ብርድ ከቤት አያስወጣም» ለምንል ለእኛ ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከዚያ በኋላ በፊንላንድ በ522 ሰዎች፣ በአሜሪካ ደግሞ በ3,234 ሰዎች ላይ የተካሄዱት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ይፋ ሲሆኑ፣ አመጋገብንና እንቅስቃሴን ያስተካከሉ ሰዎች የመታመም ዕድላቸው በሁለቱም አገር በ58 በመቶ ቀንሷል። በአሜሪካው ጥናት ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት የቀነሰላቸው በ31 በመቶ ነው። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ደግሞ የአኗኗር ለውጡ ያስገኘው ጥቅም 71 በመቶ ደርሷል፤ ስለዚህ «ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ» የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም። ግቡም ሰማይ የራቀ አልነበረም፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ወይም ተመጣጣኝ እንቅስቃሴ ማድረግና ከክብደት ሰባት በመቶውን መቀነስ፣ ማለትም 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ያህል ማውረድ ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በዚያው በአሜሪካው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ነው። አኗኗሩን እንዲያስተካክል የተመደበው እያንዳንዱ ተሳታፊ የሚከታተለው አሠልጣኝ ተመድቦለት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሳምንታት ውስጥ 16 ትምህርቶችን ፊት ለፊት ተምሯል። በ24ኛው ሳምንት የ150 ደቂቃውን ግብ የመቱት 74 በመቶ ነበሩ፤ በጥናቱ የመጨረሻ ክትትል ላይ ግን ወደ 58 በመቶ ወርደዋል። እንግዲህ አሠልጣኝ ያለው፣ የሚደወልለት፣ የሚመዘን ሰው እንኳ ከጊዜ በኋላ እየላላ የሚሄድ ከሆነ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተመክሮ የተሸኘ የደሴ ነጋዴ ወይም የኮምቦልቻ ጡረተኛ ከወር በኋላ ቢያቋርጥ በምን ፍርድ ሰነፍ ይባላል?

ያስተማርኩት ባዮሎጂ ስለሆነ የሰውነቱን አሠራርም በአጭሩ ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ምክሩን አጥብቆ እንደሚይዝ በክፍል ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። በቅድመ ስኳር ላይ ያለ ሰው ሰውነት ኢንሱሊንን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባውን ንጥረ ነገር፣ ማመንጨት አላቆመም፤ ጡንቻውና ጉበቱ ለኢንሱሊኑ የሚሰጡት ምላሽ ስለደከመ ቆሽቱ አብዝቶ ለማመንጨት እየታገለ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ግን ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የተሻለ ሆኖ ይቆያል። ይህ መሻሻል የሚያልፍ በመሆኑ እሑድ ብቻ ረጅም ጉዞ ሄዶ ስድስቱን ቀን ከመቀመጥ፣ ከሁለት ቀን በላይ ሳያቋርጡ ጥቂት ጥቂት መሄድ ይሻላል። ከምግብ በኋላ የሚደረግ የዐሥርና የዐሥራ አምስት ደቂቃ እርምጃም ከማዕድ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል፤ ይህን ለማድረግ የተለየ ልብስም ሆነ የተለየ ሜዳ አያስፈልግም።

እንቅፋቱ የሚጀምረው ከምርመራ ክፍሉ ነው። ሰልፍ በበዛበት ጠዋት ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ታካሚ ያለው ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ አውቃለሁና ባለሙያዎቹን ለመውቀስ አልጽፍም። ነገር ግን «ስፖርት ሥሪ» የተባለች፣ ጉልበቷን የሚያማት የስድሳ ዓመት እናት በዓይነ ኅሊናዋ የሚመጣባት ቱታ ለብሶ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ጎረምሳ ነው፤ ስለዚህ ምክሩ ለእሷ እንዳልተነገረ ቆጥራ ትተወዋለች። በቀን ስንት ደቂቃ፣ በምን ፍጥነት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ጉልበት የሚያም ከሆነስ ምን ይደረጋል የሚለው አልተነገራትም። መድኃኒት አለመታዘዙ ደግሞ በራሱ መልእክት ያስተላልፋል፤ በእኛ ዘንድ መድኃኒት ያልተሰጠበት ሕመም እንደ ሕመም አይቆጠርም፤ «ምንም የለብሽም ብለው መለሱኝ» የሚል ወሬ ይዘው ወደ ቤት የሚገቡ አሉ። የታመሙት በመዝገብ ተይዘው የክትትል ቀጠሮ ሲኖራቸው፣ ጫፍ ላይ ያለው ግን መቼ ተመልሶ እንደሚታይ አያውቅም። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በድጋሚ መመርመር እንዳለበት የሕክምና መመሪያዎች ይናገራሉ፤ ሰው ደግሞ የሚለካበት ቀን እንዳለ ሲያውቅ እግሩ ይንቀሳቀሳል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙም ሲነገር የማልሰማው ፍርሃት አለ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳርን አውርደው የሚጥሉ አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስዱ ሕሙማን ከእንቅስቃሴ በፊት መጠንቀቅ እንዳለባቸውና ከረሜላ ወይም ስኳር መያዝ እንደሚጠቅማቸው ይነገራል፤ ተገቢ ምክር ነው። ይህ ማስጠንቀቂያ ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ መድኃኒት ወደማይወስዱት ደርሶ፣ «ብሄድ ስኳሬ ወርዶ መንገድ ላይ እወድቃለሁ» የሚል ስጋት ሆኗል። ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የማይወስድ ቅድመ ስኳር ላይ ያለ ሰው በተለመደ የእግር ጉዞ ምክንያት ስኳሩ ወርዶ የመውደቁ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። በእርግጥ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ትንሽ ሲሄድ ትንፋሹ የሚያጥረው፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም የእግር ቁስል ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት። ይህ ልዩነት በሁለት ደቂቃ ሊብራራ ይችላል፤ ሳይብራራ ሲቀር ግን አንድን ሰው ለዓመታት ወንበር ላይ ያስቀምጣል።

የሴቶችን ጉዳይ ነጥዬ ላነሣው እወዳለሁ፤ እንቅፋቱ በእነሱ ላይ ይከብዳልና። አንዲት የቤት እመቤት ስፖርት እንድትሠራ ስትመከር «ከጎህ እስከ ምሽት ቁጭ ሳልል ምን ስፖርት ትሉኛላችሁ?» ብትል መልሷ እውነት አለው። ልብስ በእጅ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት፣ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት እንቅስቃሴ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የቤት ውስጥ ሥራን ከእንቅስቃሴ ይቆጥረዋል። መካሪው አስቀድሞ ምን እንደምትሠራ ሊጠይቃት ይገባል። ብዙውን ሰዓት ምጣድ ፊት ቆማ ወይም ቡና ለማፍላት ዱካ ላይ ተቀምጣ የምታሳልፍ ከሆነ ግን ድካሙ ቢኖርም ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ሳይሆን ሊቀር ይችላልና የጎደለውን መጨመር ያስፈልጋታል። ለዚያ የሚሆን ጊዜ ከየት ይመጣል? ጠዋት ልጅ ማድረስ፣ ቀን ምሳ፣ ማታ እንግዳ አለ፤ ባልና ልጆች ግማሽ ሰዓት ካልለቀቁላት በስተቀር የምትወጣበት ሰዓት የለም። ብትወጣም ዓይን ይከተላታል። በጠዋት ነጠላዋን መስቀለኛ አድርጋ ወይም ጅልባቧን ለብሳ ዕቃ ሳትይዝ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት «ወዴት ነው? ምን ሆነሽ ነው?» መባሏ አይቀርም። ሁለት ሦስት ሆነው ሲሄዱ ይህ ጥያቄ እንደሚጠፋ በሰፈሬ አይቻለሁ፤ ለብቻዋ ስትሄድ እንግዳ የሚመስለው ነገር ከጎረቤቶቿ ጋር ሲሆን ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ለወላጆቻችን ያለን ክብርም በዚህ ጉዳይ ላይ ሳናውቀው ይጎዳቸዋል። ከደላንታ፣ ከለጋምቦ፣ ከተንታ ወይም ከወረባቦ አባቱን ወይም እናቱን ወደ ከተማ አምጥቶ የሚጦር ልጅ ብዙ ነው፤ የተመሰገነ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ፣ ገበያ በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ አባት ግን ከተማ ሲገባ ከሶፋው እንዳይነሣ ይደረጋል። ውሃ ልቅዳ ሲል «አንተ ተቀመጥ፣ እኛ እያለን?» ይባላል፤ ሱቅ ልሂድ ሲል ሕፃን ይላክለታል፤ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ባጃጅ ይጠራለታል። ልጆቹ ዝም ቢሉ ደግሞ ጎረቤት «ሽማግሌውን ያሠሩታል» ይላቸዋል። ምግቡ ከገጠሩ ይልቅ ቅባትና ስኳር በዝቶበት፣ እግሩ ሥራ ፈትቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሆዱ ወጥቶ ሲታይ ቤተሰቡ «ተመችቶታል» ብሎ ይደሰታል። ክብደት በመቀነሱም ላይ ያለን አመለካከት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ያወረደ ሰው «ምን ነካህ? በሽታ ይዞህ ነው?» ተብሎ በየመንገዱ ስለሚጠየቅ ጥሩ እየሄደ እያለ ተሸማቆ የሚተው አለ። ልጆች ሆይ፣ አባታችሁን የምታከብሩት አብራችሁት በመሄድ ቢሆን ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ስለ ቦታው ደግሞ እንነጋገር። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዳገቷና ቁልቁለቷ ለጤነኛ ጉልበት መልካም ነው፤ ለታመመ ጉልበት ግን ፈተና ነው። በክረምት ጭጋጉ ከቀትር በፊት ላይገፈፍ ይችላል፤ ዝናቡም ኮብልስቶኑን ያንሸራትታል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ለጥ ያለች ብትሆንም የቀኑ ፀሐይ አያስኬድም። አየሩን ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ ቀሪው ግን የሰው ሥራ ነው። የእግረኛ መንገዱ ላይ የሱቅ ዕቃ ይደረደራል፣ የግንባታ አሸዋና ድንጋይ ይከመራል፣ ባጃጅ ይቆማል፤ ስለዚህ እግረኛው ወደ አስፋልቱ ወርዶ ከመኪና ጋር ይጋፋል። ክዳኑ የተነሣ የውሃ መውረጃ ቦይ ዓይኑ ለደከመ ሰው አደጋ ነው። ማለዳ ላይ በየመንገዱ የሚዞረው ባለቤት የሌለው ውሻ ብዙዎችን ከበር መልሷል። በዚህ ላይ አካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ያየው ጦርነትና የጸጥታ ስጋት ተጨምሮበት፣ ጎህ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ መውጣትም ሆነ ከከተማ ወጣ ብሎ መሄድ ለብዙ ሰው የማይታሰብ ሆኗል። ሥራ ያለው ሰው ነጻ የሚሆንባቸው ሰዓቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው። የኮሪደር ልማት በተጀመረባቸው ቦታዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ መሠራቱ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው፤ መንገዱ ለእግረኛ ተሠርቶ ለዕቃ መደርደሪያ እንዳይሆን መጠበቅ ግን ተከታታይ ሥራ ይፈልጋል።

የሚረዳው ምንድን ነው ቢባል፣ ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ ጓደኛን የሚያህል የለም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «እኔ ከእንግዲህ ዳገት አልወጣም» የሚሉ አዛውንቶች ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ሲሆን ተራራውን በእግራቸው ይወጣሉ፤ ለመውሊድም ወደ ጀማ ንጉሥ በእግሩ የሚጓዝ ሽማግሌ አለ። ጉልበታቸው በዚያን ቀን የተለየ ሆኖ አይደለም፤ የሚሄዱት ለሚያምኑበት ነገር ነው፤ ብቻቸውንም አይሄዱም፤ የደከመውን የሚጠብቅ፣ የወደቀውን የሚያነሣ፣ እያወጋ ርቀቱን የሚያስረሳ ሰው ከጎናቸው አለ። ይህ ልማድ ካለን፣ በየሰፈሩ በሳምንት አራት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት አብሮ መሄድ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ቅሬያችን የአባላቱን ስም ዝርዝር፣ መሰብሰቢያ ቀንና ሰው የሚሰማቸው ዳኞች አሉት። ሞታችንን በዚህ ሥርዓት የሚሸከም ማኅበር በሕይወት እያለን አብረን እንድንራመድ ማስተባበር አያቅተውም። ስብሰባው ሲያበቃ ወደ ቤት ከመበተን በፊት አንድ ዙር አብሮ መሄድ መነሻ ሊሆን ይችላል።

የሃይማኖት አባቶችም ድርሻቸው ትልቅ ነው። በጾም ወራት «ሆዴ ባዶ ነው፤ እንዴት እሄዳለሁ?» የሚል ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ይነሣል። ለዚህ የተሻለው ሰዓት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ከማዕዱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ነው፤ በሕክምናውም በኩል ከምግብ በኋላ የሚደረገው እርምጃ የሚጠቅም መሆኑን ከላይ ጠቅሻለሁ። የሚሰግድ ሰው ጡንቻውን እያሠራ ነው፤ ለተራዊህ፣ ለረመዳን የሌሊት ሶላት፣ በእግሩ የሚሄድም እንዲሁ። ሼሁም ቄሱም ከትምህርታቸው መጨረሻ ላይ «አቅም ያላችሁ በባጃጅ አትምጡ፣ በእግራችሁ ኑ» ቢሉ ከማንኛውም የግድግዳ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማሉ።

ረጅም መቀመጥን በተመለከተ ከልማዳችን ጋር ግልጽ መሆን አለብን። ሱቁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጥ ነጋዴ፣ መሪ የጨበጠ ሹፌር፣ ስፌት ላይ ያጎነበሰ ልብስ ሰፊ፣ ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ሰው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ቢንቀሳቀስ ለስኳሩ ይረዳዋል። ቡናችን ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ ይወስዳል፤ ወግና ፍቅር ያለበት ስለሆነ እንዲቀር አልመኝም፤ ከበረካው በኋላ እንግዳን እስከ መንገድ የመሸኘት ልማዳችንን ትንሽ ማርዘም ግን ይቻላል።

ለጤና ተቋማት የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ጫፍ ላይ ለተገኘ ሰው እንደ መድኃኒት ማዘዣ በወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጠው፤ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በምን ፍጥነት፣ መቼ ተመልሶ እንደሚመረመር። ፍጥነቱን ለማስረዳት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከጓደኛ ጋር እየተነጋገሩ መሄድ የሚቻልበት፣ አምባሰልን ወይም ባቲን ለማንጎራጎር ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት እርምጃ ተገቢው ነው። ግማሽ ሰዓት በአንድ ጊዜ የማይመቸው በሦስት ከፍሎ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ሊሄድ እንደሚችል ይነገረው። ዝናብ ላስቀረው ሰው ደግሞ በቤት ውስጥ የሚሠራው ይጻፍለት፤ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መግፋት፣ ውሃ የተሞላ ትንሽ ጀሪካን ማንሣት ጡንቻን ያጠነክራሉ፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ማድረግም ከዓለም ጤና ድርጅት ምክሮች አንዱ ነው። ማንበብ የማይችል ካለ አብሮት የመጣው ልጅ ያነብለታል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ንጽሕናና ስለ ክትባት እንደሚጠይቁት ሁሉ «በዚህ ሳምንት ተራመድሽ? ከማን ጋር?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያ ጥያቄ ራሱ ብዙ ሰው ያስወጣል። በአሜሪካው ጥናት አሠልጣኙ ይሠራ ከነበረው ውስጥ ያለ ገንዘብ ወደ እኛ ሊመጣ የሚችለው ይህ ነው።

ለከተማ አስተዳደሮቻችን ያለኝ ጥያቄ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቶች ግቢ ነው። በየሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ ግቢው ከመንገዱ ይልቅ ለጥ ያለ ነው፣ አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ መኪናም ውሻም አይገባበትም። ተማሪ ከመግባቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓትና ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በሩ ለሰፈሩ ነዋሪ ቢከፈት፣ በተለይ ሴቶችና አዛውንቶች ያለ ስጋት የሚራመዱበት ቦታ ያለ ምንም ግንባታ ይገኛል። ለጥበቃ ሠራተኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያስፈልግ ከሆነ ቅሬዎች ሊያዋጡት ይችላሉ፤ የሚገቡት ሰዎችም በቅሬያቸው መታወቂያ ሊለዩ ይችላሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የጀመረችው፣ መንገድን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» ዓይነት ዝግጅት በእኛ ከተሞችም በወር አንድ እሑድ ሲደረግ ደስ ይለናል፤ ስኳሩ ጫፍ ላይ ላለ ሰው ግን ማክሰኞና ሐሙስም የሚራመድበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ዝግጅት ክፍላችሁ ይህንን የግቢ ጥያቄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ትምህርትና ጤና መምሪያዎች አቅርቦ የሚሰጡትን ምላሽ በሚቀጥሉት እትሞች እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሌላ ከተማ በሩን ከፍቶ የሞከረ ትምህርት ቤት ወይም አባላቱን አሰባስቦ የተራመደ ቅሬ ካለም፣ እንዴት እንደጀመሩትና ምን እንደገጠማቸው ቢጽፉልን፣ እኛም በሰፈራችን ለመጀመር ስንሰበሰብ እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት ጡረተኛ መምህርት፣ ከደሴ